የእንጉዳይ ዘር ለምን ይጎመዝዛል? ስለ ባክቴሪያ ብክለት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በማሽላ ላይ ያባዛሁት የኦይስተር እንጉዳይ ዘር (የእንጉዳዩ ነጭ ክር የሚያድግበት እህል) ነጭ ክር ማውጣት ጀምሮ ቆመ። ማሽላው ረጥቦ ከጠርሙሱ ጋር ተጣብቋል፤ ሲከፈት የጎመዘዘ ጠረን አለው። ሻጋታ ግን የለውም።

መልስ፦ ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሲለስ የሚባለው። ሻጋታ በቀለሙ ራሱን ያጋልጣል፤ ይህ የሚታወቀው በጠረኑና በፍሬዎቹ ዙሪያ በሚይዘው ግራጫ ልጋግ ነው። እባክዎ «ግማሹ ነጭ ነው» ብለው እንጉዳዩ ከሚበቅልበት ጭድ ጋር አይቀላቅሉት፤ ጭዱንም ያጣሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፍልቼዋለሁ! እንዴት ሊተርፍ ቻለ?

መልስ፦ ባሲለስ ሲቸገር ወደ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ወዳለው የተኛ ሕዋስ፣ ይለወጣል፤ ስፖሩን የፈላ ውሃ አይገድለውም። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚያስፈልገው በግፊት ድስት (እንፋሎት አፍኖ በሚቀቅል ድስት) የሚገኝ 121 ዲግሪ ነው። ብዙዎቻችንን የሚጎዳን ግን ሌላ ነገር ነው፦ መመሪያዎች «በ15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) ለ90 ደቂቃ» የሚሉት ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ሰው ነው። እዚህ የከባቢ አየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ መለኪያው ያንኑ 15 እያሳየ በድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስረዝሙ። የክዳኑን የእንፋሎት መውጫ ከመዝጋትዎ በፊትም አየሩ በእንፋሎት ተገፍቶ እስኪወጣ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የግፊት ድስት ለሌለንስ?

መልስ፦ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእንፋሎት ይቀቅሉ፤ በመካከሉ ሞቅ ባለ ክፍል ያሳድሩት። ሌሊቱን ስፖሩ ይነቃል፤ የነቃው በማግስቱ ሙቀት ይሞታል። አድካሚ ነው፤ እንደ ግፊት ድስትም አያስተማምንም።

ጥያቄ፦ ማሽላውን መዘፍዘፍ የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። ስፖሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ከቀቀሉት በኋላ ላዩ እስኪደርቅ አንጠፍጥፈው ያስጡት፤ የፈነዳ ፍሬ ስታርቹን አፍስሶ ባክቴሪያን ይቀልባል።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ ብጨምርበትስ?

መልስ፦ አይጨምሩ። የተኛ ስፖር አይነካውም፤ የሰው መድኃኒትም በከንቱ ይባክናል።

ጥያቄ፦ የጤፍ ጭዱም በ121 ዲግሪ ይቀቀል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከሻጋታ ጋር የሚሻሙ ጠቃሚ ተሕዋስያን ይተርፉበታል። ውሃው ግን አይብዛ፦ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይውጣው። ከዚያ በላይ ከሆነ አየር አጥቶ ይከረፋል።

ጥያቄ፦ የደረሰው እንጉዳይ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ።

መልስ፦ ሱዶሞናስ ቶላሲ የሚባለው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። የሚራባው በእንጉዳዩ እርጥብ ባርኔጣ (የላይኛው ክፍል) ላይ ነው። ውሃውን በወለልና በግድግዳ ላይ ይርጩ፤ መስኮቱንም ይክፈቱ፣ ባርኔጣው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መድረቅ አለበት።