ዴስክቶፑን የሚተካ ባለ 17 ኢንች ላፕቶፕ

ሰላም ወንድሜ። ለሬቪትና ለአውቶካድ (ለሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌሮች) የሚሆን፣ ቶሎ የማይሰበር ትልቅ ላፕቶፕ ፈልገሃል፤ የጌሚንግ ላፕቶፕ ልግዛ ወይ ብለሃል። እኔ አልመክርህም። ፍጥነቱ አይታማም፤ ግን ብዙዎቹ አካላቸው ፕላስቲክ ነው።

ዎርክስቴሽን የሚባሉትን፣ ለከባድ የሙያ ሥራ የተሠሩትን ላፕቶፖች እይ። ዴል ፕሪሲዥን 7750፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ73 ወይም ኤችፒ ዜድቡክ 17 ጂ6። በ2019 እና 2020 የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ የምታገኘው ያገለገለ ነው። ስክሪናቸው 17.3 ኢንች ነው። አራት የራም ማስገቢያ አላቸው፣ እስከ 128 ጊጋ ይወስዳሉ። አንተ በ32 ጀምር፤ ሲያጥርህ ትጨምራለህ።

ስትገዛ ከምንም በላይ ሙቀቱን ፈትን። ሻጩ ፊት ከባድ ፋይል ክፈትና ለግማሽ ሰዓት ሬንደር አድርግ (ዲዛይኑን ወደ ምስል ቀይር)። መጀመሪያ ፈጥኖ ቆይቶ ከተንቀራፈፈ፣ ወይ ፋኑ አቧራ ጠጥቷል፣ ወይ ፔስቱ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል። ይሄ በጽዳትና ፔስቱን በመቀየር ይስተካከላል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅምሃል። ቻርጀሩንም ገልብጠህ ዋቱን አንብብ። የፒ73 ቻርጀር እስከ 230 ዋት ይደርሳል። እኔ ከሌላ ላፕቶፕ የመጣ ደካማ ቻርጀር ተሰጥቶኝ፣ ማሽኑ ሲያዘግም ተበላሸ ብዬ ሁለት ሳምንት ተጨንቄያለሁ!

ክብደቱ 3 ኪሎ ያልፋል፣ ቻርጀሩን ሳይጨምር። ታክሲ ውስጥ ጭንህ ላይ ይሰማሃል። ባትሪውም በከባድ ሥራ ላይ ብዙ አይቆይም። ግን መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራህን ሴቭ ታደርጋለህ፤ ዴስክቶፑ ይሄን እንኳ አይሰጥህም።