«ራስሽ ነሽ ያፈሰስሽው» ለተባለች የወጥ ቤት ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት እሠራለሁ። ድንች ስጠብስ የጋለ ዘይት ክንዴ ላይ ፈስሶ ይኸው አምስት ሳምንት ሥራ አልገባሁም። ደመወዜ 4,000 ብር ነው፤ የጽሑፍ ውል የለኝም። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን ሕክምና ከፍሎ «ራስሽ ነሽ ያፈሰስሽው» አለኝ። አሁን 3,000 ብር ልስጥሽና «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብለሽ ፈርሚ ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እባክዎ አይፈርሙ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከገባ ነው። መጥበሻ ከእጅ ማምለጡ ከነዚህ አንዱም አይደለም። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብትዎን አያስቀርም፤ የደመወዝ ፊርማ፣ በቴሌብር የገባ ገንዘብ ወይም የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት ይበቃል።

ሕክምናው እስከ መጨረሻው፣ መድኃኒቱም ጭምር፣ የአሠሪው ወጪ ነው። ሥራ ላይ ባልዋሉበት ጊዜ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈልዎታል፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። በእርስዎ ደመወዝ በወር 4,000፣ 3,000 እና 2,000 ብር ማለት ነው። የቀረበልዎት ገንዘብ ያለፉትን አምስት ሳምንታት እንኳ አይሸፍንም። ከደንበኛ የሚገኝ ቲፕ ግን አይታሰብም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ካርድ ክፍል ላይ ነው። አሠሪው አጠገብ ቆሞ «ቤቷ ውስጥ ተቃጥላ ነው» ይላል፣ እንደዚያው ይጻፋል። ነገ ዛሬ ሳይሉ ካርድዎ ምን እንደሚል ያጣሩ፤ ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና «በሥራ ላይ» የሚለው ይስፈር። የሕክምና እረፍት ወረቀቱን ኮፒ ሰጥተው ዋናውን እርስዎ ይያዙ። ቀጠሮም አያሳልፉ፤ ምርመራ እምቢ ማለት ክፍያውን ያሳግዳል።

ጠባሳው ክንድዎን አላጥፍ ካለ የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን በመቶኛ እንዲወስን ይጠይቁ። የጡረታ መዋጮ (ከእርስዎ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ሲከፈል ከነበረ ካሳው በጡረታ ሕጉ ይታያል። የጡረታ ሽፋን ከሌለዎት አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዝዎን በመቶኛው ልክ ይከፍላል፤ ጉዳቱ 20 በመቶ ቢባል ከ240,000 ብር ላይ 48,000 ብር ይደርስዎታል።

ጥያቄዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ለአሠሪው ይስጡ፣ በሌላው ላይ ያስፈርሙ። እምቢ ካለ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ፤ የዳኝነት አይከፈልበትም። የይርጋው ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ) 1 ዓመት ነው፤ በቃል «እከፍልሻለሁ» እየተባሉ እንዳያልፍብዎ።