ማጥቃት እወዳለሁ፤ ታዲያ ለምን እሸነፋለሁ?

ጥያቄ፦ ቼዝ ስጫወት ፈረሴንና ንግሥቴን ቶሎ አውጥቼ ወደ ተጋጣሚዬ ንጉሥ መገስገስ ይቀናኛል። ጓደኞቼን በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አሸንፋለሁ። በውድድር ላይ ግን ረጋ ብለው የሚከላከሉ ተጫዋቾች መሥዋዕት ያደረግኩትን ወስደው ይረቱኛል። ተጠንቅቄ ልጫወት ስል ደግሞ በየእርምጃው ስጨነቅ ሰዓቴ ያልቅብኛል። ማጥቃቱን ልተወው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይተዉት። ማጥቃት የሚወድ ሰው ስሌትን መማር ይችላል፤ ፍርሃትን የለመደ ተጫዋች ግን ድፍረትን ለመማር እጅግ ይቸገራል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮን ቪልሄልም ስታይኒትዝ እንዳስተማረው፣ ጥቃት የሚሰምረው አስቀድሞ ጥቂት በጥቂት ብልጫ ከተጠራቀመ በኋላ ሲሆን፣ ኃይል እኩል በሆነበት ሰሌዳ ላይ የተከፈተ ጥቃት በትክክለኛ መከላከል ይከሽፋል።

አጥቂዎች ሁሉ የሚወዱትን የቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደው ቁራጭ) መሥዋዕት እንመልከት፤ የሰሌዳው ቦታዎች በዓምዱ ፊደልና በረድፉ ቁጥር ይጠራሉ። የነጭ ቢሾፕ ከዲ3 ተነሥቶ ኤች7 ላይ ያለውን ወታደር በቼክ፣ ማለትም ንጉሡን በቀጥታ እያጠቃ፣ ይበላል፤ ንጉሡ ቢሾፑን ሲወስድ ፈረሱ ከኤፍ3 ወደ ጂ5 ይዘላል፤ ንጉሡ ወደ ጂ8 ሲመለስ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ገብታ በኤች7 ቼክሜት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያበቃበት) ታስፈራራለች። እጅግ ውብ ነው። ነገር ግን የጥቁር ፈረስ ኤፍ6 ወይም ኤፍ8 ደርሶ ኤች7ን መጠበቅ ከቻለ፣ ወይም ቢሾፑ ኤፍ5 ላይ ገብቶ ያንኑ ቦታ ከሸፈነ፣ ወይም ጂ5 ላይ ያረፈው ፈረስዎ ያለ ኪሳራ የሚበላ ከሆነ ጥቃቱ እዚያው ይቆማል። ከሁሉ የሚረሳው ንጉሡ ወደ ጂ8 በመመለስ ፈንታ ወደ ጂ6 የሚወጣበት መንገድ ነው፤ ለዚህ መልስ ሳያዘጋጅ የጀመረ ሰው ቢሾፑን በአንድ ወታደር ሸጦ ይቀራል። እነዚህን ሁሉ መርምረው መንገዱ ክፍት መሆኑን ካረጋገጡ ግን ወደኋላ አይበሉ፤ በድፍረት ይሠዉ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ ለሁሉም እርምጃ እኩል ጊዜ አይስጡ። ተጋጣሚዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቼክ፣ መብላት ወይም ማስፈራሪያ እንዳለው ብቻ በፍጥነት ይመልከቱ። ረጅሙን ጊዜ ወታደሮች ለሚጋጩበት፣ ንግሥቶች ሊለዋወጡ ለሚሉበትና መሥዋዕት ለሚያስቡበት ቅጽበት ያቆዩት።

የእርስዎ ዓይነት ዝንባሌ የነበረው የሪጋው (ላትቪያ) ሚካኤል ታል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሚካኤል ቦትቪኒክን ረትቶ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 በተደረገው የመልስ ግጥሚያ ግን ቦትቪኒክ በሚገባ ተዘጋጅቶ፣ ጨዋታውን ታል ወደማይመቹት ጸጥ ያሉ አቀማመጦች እየመራ 13 ለ 8 አሸነፈው። ታል ማጥቃቱን አልተወም፤ ሆኖም ከ1973 እስከ 1974 ባለው ጊዜ 95 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ የተጓዘው፣ ሲያስፈልግ እኩል መውጣትንም ስለተቀበለ ነው። ከእነዚያ ጨዋታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእኩል ውጤት የተጠናቀቁ ናቸው።

በውድድር የተሸነፉባቸውን ጨዋታዎች መዝገብ ያውጡና ኮምፒውተር ሳይከፍቱ ከተጋጣሚዎ ወገን ተቀምጠው ይጫወቷቸው። መሥዋዕቱን ባደረጉበት እርምጃ ላይ ቆመው፣ እርስዎ ተከላካይ ቢሆኑ ምን እንደሚመልሱ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ ይጠይቁ።