የማርች ፀሐይ አያታልላችሁ፦ በሚኒሶታ በረዶ ሲቀልጥ ዓሣ ለምታጠምዱ

ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል ያላችሁ ወገኖች፣ ማርች ሲጋመስ ፀሐይዋ ትሞቃለች፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ዓሣ የማጥመድ አምሮትም ይመጣል። በተለይ ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ላደገ ሰው ፀሐይ ከወጣ ውሃው የሚያሰጋ አይመስለውም። እዚህ ግን አየሩ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ሳለ የሐይቁ ውሃ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ስትለብሱ የውሃውን ብርድ አስቡ።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የሚኒሶታ የማጥመጃ ፈቃድ ዘመን ማርች 1 ይጀምርና በፌብሩዋሪ መጨረሻ ያበቃል፤ አምና በጋ የገዛችሁት ማርች ላይ አይሠራም። በግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ፣ በተለምዶ ዲኤንአር በሚባለው፣ ድረ ገጽ ወይም መንጠቆና ትል በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። ለባልና ሚስት የጋራ ፈቃድ አለ፤ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። 16 ዓመት ያልሞላው የግዛቱ ነዋሪ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ፈቃድ ኪሳችሁ ገባ ማለት ግን ያገኛችሁትን ሁሉ ትይዛላችሁ ማለት አይደለም፤ አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዎልአይና ኖርዘርን ፓይክ የሚባሉትን ዓሦች ማጥመድ በግዛቱ የውስጥ ውሃዎች በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘጋል፣ የሚከፈተው በሜይ አጋማሽ ገደማ ባለ ቅዳሜ ነው። በረዶው እንደቀለጠ ፓይክ ሣር ወዳለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ዎልአይ ደግሞ ጠጠር ወዳለበት ወራጅ ገብተው እንቁላል ይጥላሉ። ያኔ ተሰብስበው በዓይን ስለሚታዩ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። «ይዤ እለቀዋለሁ» ብሎ ሆን ብሎ እነሱን ማጥመድም ክልክል ነው። ሳይታሰብ መንጠቆ ላይ ከመጣ ወዲያው ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ተጎድቶም ቢሆን። ከዊስኮንሲን ጋር የሚያዋስኑት የሚሲሲፒና የሴይንት ክሮይ ወንዞች ክፍሎች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው ለይታችሁ አንብቡ።

ትንሽ ዎልአይ ቢጫ ፐርች ከሚባለው ሌላ ዓሣ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ሳያውቅ ባልዲ ውስጥ ይከተዋል። ጅራቱን እዩ፦ የዎልአይ ጅራት የታችኛው ጫፍ ነጭ ነው። አፉን ክፈቱ፦ እንደ ውሻ ክራንቻ የሾሉ ጥርሶች አሉት። ፐርች ሁለቱም የለውም፣ ጎኑ ላይ ግን ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቁር መስመሮች ይታዩበታል። ካልለያችሁት መልሱት።

ማርችና ኤፕሪል ላይ የምትይዙት እንግዲህ ክራፒ፣ ሰንፊሽና ፐርች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። በቀን ለአንድ ሰው ክራፒ 10፣ ሰንፊሽ 20፣ ፐርች 20 ነው። አንዳንድ ሐይቆች ቁጥሩን ከዚህ ያሳንሱታልና የምትሄዱበትን ሐይቅ በስሙ በዲኤንአር ደንብ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጉት። በበረዶ ቀዳዳ ሁለት የማጥመጃ መስመር ይፈቀዳል፤ በረዶ በሌለው ውሃ ግን አንድ ብቻ ነው። ክረምቱን በረዶ ላይ ያጠመደ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ስለ በረዶው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር፣ ይበቃዋል ይባላል። ይህ ልኬት ለማርች አይሠራም። የፀደይ በረዶ ከውስጥ ተሰነጣጥቆ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ሻማዎች ይለያያል፤ ውፍረቱ 12 ኢንች ሆኖ ሳለ ከእግር ሥር ሊበተን ይችላል። ጠዋት የተሸከማችሁ ከሰዓት በኋላ ላይሸከም ይችላል። ጠቆር ካለ፣ ዳሩ ከመሬት ከተላቀቀ ወይም ውሃ ካቆረ አትውጡበት። ሌላ ሰው ላዩ ላይ መቆሙ ማስረጃ አይሆንም።

ከዳር ወይም ከጀልባ የምታጠምዱ፣ ላይፍ ጃኬቱን ከመነሻው ልበሱት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም በዚህ ይሞታል። የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ ትንፋሽ ለማረጋጋት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከዚያ እጅና እግር የሚታዘዙላችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። በረዶ ተደርምሶ ከሆነ ወደመጣችሁበት አቅጣጫ ዙሩ፣ ክንዳችሁን በረዶው ላይ ዘርጉ፣ በእግራችሁ ውሃውን እየመታችሁ በሆዳችሁ ውጡ፣ ሳትቆሙ እየተንከባለላችሁ ራቁ። የወደቀውን ያየ ሰው ሮጦ አይጠጋው፤ 911 ይደውል፣ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ይወርውርለት። ጥጥ ልብስ አንዴ ከራሰ አያሞቅም፣ ሱፍ ይሻላል። ደረቅ ቅያሪ መኪና ውስጥ ይቀመጥ።

ዓሣው የት አለ ካላችሁ፣ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳር ሞክሩ። ፀሐይ ቶሎ ስለምታገኘው፣ በተለይ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ከሆነ፣ ቀድሞ ይሞቃል። ትንሽ መንጠቆ ከተንሳፋፊው ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። የክራፒ አፍ ስስ ስለሆነ በኃይል ከነጠቃችሁት ይቀደድና ያመልጣል።

የተረፈ ትል ቆሻሻ ውስጥ ይጣል እንጂ መሬት ላይ አይደፋ፤ የሰሜኑ ጫካ የራሱ የምድር ትል ስለሌለው የመጣው ትል ቅጠሉን ይጨርሰዋል። ከሐይቁ የቀዳችሁትንም ውሃ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው አፍስሱ። ነፍሰ ጡር ሴትና ልጆች በሜርኩሪ ምክንያት ክራፒና ሰንፊሽን በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ባይበሉ ይመረጣል፤ ትልልቅ ዎልአይና ፓይክ ደግሞ ሜርኩሪያቸው ከፍ ስለሚል ወቅቱ ሲከፈትም ለእነሱ አይሰጥ።