ለርእሰ መምህር የተነገረ ዛቻ ለፖሊስ እንደቀረበ አቤቱታ አይቆጠርም

ጥያቄ፦ «የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህርት ነኝ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት በተገለጸ ማግስት አንድ ተማሪዬ ሥርዓት ስላጓደለ ከክፍል አስወጣሁት። ሲወጣ በተማሪዎች ፊት ‹ከግቢ ውጭ አገኝሻለሁ፣ ያኔ ታለቅሻለሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ጊዜ ተከትሎኛል። በቅርቡም ከማላውቀው የቴሌግራም አካውንት የምኖርበትን አካባቢ የሚጠቅስ አስፈሪ መልእክት ደርሶኛል። ለርእሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ‹ልጅ ነው፣ ይተወዋል› አሉኝ፤ በመጨረሻ ደግሞ ‹ይህን ነገር ባታነሺው ለአንቺም ይሻላል› አሉኝ። በመምህራን ግሩፕ ላይም አሳውቄያለሁ። ሕጉ ምን ጥበቃ ያደርግልኛል? ሥራዬን ጥዬ ብሄድስ መብቴ ይከበራል?»

ምላሽ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ቀኑን ያነሣሁት በምክንያት ነውና ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። ሌላውን ሰው በሚያስደነግጥ ወይም በሚያሸብር ሁኔታ ከባድ አደጋ ወይም ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ መዛት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ከ500 ብር የማይበልጥ መቀጮ ወይም ከ6 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ዛቻው በስልክ ወይም በኮምፒውተር አማካይነት በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሲተላለፍ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይመለከተዋል፤ ቅጣቱም እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ በሆነ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ብዙ ደንበኞቼ በቴሌግራም የተላከን ቃል እንደ ተራ ነገር ይቆጥሩታል፤ ከቅጣቱ መጠን እንደሚረዱት ግን ሕጉ የሚያከብደው እርሱን ነው።

ዕድሜውን አልጻፉልኝም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ 16 ዓመት የሞላው ልጅም 20 ዓመት የሞላው ጎልማሳም ሊሆን ይችላል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ያለ ልጅ የሚጠብቀው መደበኛ ቅጣት ሳይሆን እንደ ተግሣጽ፣ በቅርብ ክትትል እንደሚሰጥ ትምህርት ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም እንደመላክ ያለ ልዩ እርምጃ ነው። 15 ዓመት አልፎት 18 ያልሞላው ወጣት ግን በመደበኛው ሕግ የሚጠየቅ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ «ልጅ ነው» የሚለው የርእሰ መምህሩ ቃል የቅጣቱን ዓይነትና መጠን ሊለውጥ ይችል እንደሆነ እንጂ ድርጊቱን ከወንጀልነት አያወጣውም። በተጨማሪም የወንጀል ሕጉ ወንጀል እፈጽማለሁ ብሎ የዛተን ሰው ፍርድ ቤት መልካም ጠባይ ለማሳየት ግዴታ እንዲገባ ሊያዝ የሚችልበትን መንገድ ይዟል። እርስዎ አሁን የሚሹት የልጁን መታሰር ሳይሆን የራስዎን ደኅንነት ከሆነ፣ ይህን መንገድ ለሚያማክሩት ጠበቃ ወይም ለዐቃቤ ሕጉ በግልጽ ያንሡ።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። ከክፍል ሲወጣ የተናገረው ዛቻ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ማለትም የተበደለው ሰው ራሱ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ካላመለከተ በስተቀር ማንም ክሱን አያንቀሳቅሰውም። ይህ አቤቱታ ደግሞ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት የተገለጸው በጥር መጨረሻ ከሆነ፣ ጊዜው በሚያዝያ መጨረሻ ያበቃል ማለት ነው። እርስዎ በደብዳቤዎ ውስጥ ለርእሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ መንገርዎን ጽፈዋል፤ ለፖሊስ ስለማመልከትዎ ግን አንዲት ቃል አላገኘሁም። ቀኑንም ቢሆን «ውጤት በተገለጸ ማግስት» ብለው አልፈውታል። ቀጥተኛ አነጋገሬን ይቅር ይበሉኝና፣ በቢሮዬ ከማያቸው የዚህ ዓይነት ጉዳዮች አብዛኞቹ የሚበላሹት ማስረጃ ስለጠፋ አይደለም፤ የተበደለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ደጅ ሲጠና ሕጉ የሰጠው ጊዜ ስለሚያልቅበት ነው።

አንድ መምህር ለርእሰ መምህሩ፣ ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ወይም ለተማሪው ወላጅ የሚያቀርበው ቅሬታ የትምህርት ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ነው። ተገቢ ነው፣ እኔም አድርጉት እላለሁ፤ ነገር ግን የ3 ወሩን ቆጠራ አያቆምም፣ አያዘገይምም። ርእሰ መምህሩ «እናጣራለን፣ ትንሽ ታገሺ» ቢሉዎት የታገሡበት ጊዜ የሚቀነሰው ከእርስዎ ነው። ኮሚቴው ስብሰባውን ለሁለት ሳምንት ካራዘመም እንዲሁ ነው። በግቢው ውስጥ ጉዳዩ ተይዟል እየተባለ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው አቤቱታው ከጊዜው ውጭ ነው ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ «ለአለቃዬ ነግሬ ነበር» የሚለው ምክንያት አይረዳውም። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ አንዱ የሌላውን መጨረሻ መጠበቅ እንደሌለበት፣ እንዲሁም ለፖሊስ ለማመልከት የርእሰ መምህሩ ፈቃድም የድጋፍ ደብዳቤም እንደማያስፈልግ አጥብቄ ልነግርዎ እወዳለሁ።

ተስፋ የሚሰጠው ነገር እያንዳንዱ አዲስ ዛቻ የራሱ ቀን ያለው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ቢያልፍ እንኳ በቅርቡ የደረሰዎት የቴሌግራም መልእክት ለብቻው ይታያል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም ለዚህ ዓይነቱ ዛቻ የተበዳይን አቤቱታ ቅድመ ሁኔታ አላደረገውም። ያም ሆኖ ይህን እንደ ማረፊያ አይቁጠሩት። መልእክቱ ከማይታወቅ አካውንት የመጣ በመሆኑ ከተማሪው ጋር የሚያያዘው የመጀመሪያው ዛቻና ሁለት ጊዜ መከተሉ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ አቤቱታ፣ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል መቅረብ አለባቸው። ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደጨረሱ የመጀመሪያውን ዛቻ ትክክለኛ ቀን ከክፍለ ጊዜ ፕሮግራምዎና ከውጤት መግለጫው ጋር አመሳክረው ይጻፉት፤ በማግስቱም ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ቃልዎ በጽሑፍ መስፈሩን፣ መፈረምዎንና የመዝገብ ቁጥር መቀበልዎን ሳያረጋግጡ አይመለሱ። ተረኛው ፖሊስ «የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፣ እዚያው ጨርሱት» ካለዎት በጽሑፍ ያዘጋጁትን አቤቱታ ይዘው ወደ ኃላፊው ወይም በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይቅረቡ።

ስለ ማስረጃ አጠባበቅ የምለው ብዙ አይደለም፤ ግን አንዱም እንዳይዘለል። ቴሌግራም ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን እንዲያጠፋው ስለሚፈቅድ ዛሬውኑ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት ያንሡት፤ ከተቻለም በሌላ ስልክ ፎቶ ያስነሡት። መልስ አይስጡት፣ አያግዱት፣ ስልኩንም አይቀይሩ። በክፍል ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ምስክሮች ናቸው፤ ሆኖም ማን እንደነበረ ከመመዝገብ አልፈው አያነጋግሯቸው። መምህራቸው ስለሆኑ በተጽዕኖ አስመሰከረቻቸው የሚል ክርክር ይነሣብዎታል።

ለርእሰ መምህሩ የነገሩት ሦስቱም ጊዜ በቃል ብቻ እንደነበረ ከአጻጻፍዎ እገምታለሁ። ይህንንም ማረም ያስፈልጋል። የተነገረውን ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ አስገብተው፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የነበሩትን ሰዎች ጠቅሰው፣ ቀደም ሲል በቃል ያሳወቁባቸውን ቀናትም ጨምረው ደብዳቤ ይጻፉ። የሚጠይቁትንም በግልጽ ያስቀምጡ፦ ተማሪው ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወር፣ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው እንዲሰበሰብ፣ ወላጁ ወይም አሳዳጊው እንዲጠራ፣ መልሱም እስከ ተወሰነ ቀን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩትና ደረሰኙን ያኑሩ።

ሥራ ጥሎ ስለመሄድ የጠየቁትን ለመመለስ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ይሁን የግል ማወቅ ነበረብኝ፤ ይህንንም አልጻፉልኝም። የመንግሥት ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ መልስ ያላገኘውን ደብዳቤ ይዘው ወደ ቅሬታ ሰሚው አካልና ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳሉ፤ የመምህራን ማኅበሩንም ያሳውቃሉ። የግል ከሆነ የሚገዛዎት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ አሠሪውን የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ ሠራተኛውንም በራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዘዋል። አሠሪው በሠራተኛው ደኅንነት ላይ የተቃረበ አደጋ መኖሩን አውቆ አደጋውን እንዲያስወግድ በተሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ አንቀጽ 32 ይፈቅዳል፤ ይህም መብት ቢሆን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። እንግዲህ «አውቆ» የምትለውን ቃል በምን ያስረዳሉ? በቃል የተነገሩት ርእሰ መምህር ነገ ፍርድ ቤት ቀርበው አልሰማሁም ቢሉ የእርስዎ መሄድ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ተከሳሽዋ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። ደብዳቤው ሳይገባ፣ መልሱ ሳይጠበቅ፣ የሥራ ውልዎንም ጠበቃ ሳያየው አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ያለ ፈቃድ አይቅሩ። ፍርሃቱ ከበረታብዎት የዓመት ፈቃድ ወይም በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ ይጠይቁ።

በመምህራን ግሩፕ ላይ «አሳውቄያለሁ» ስላሉት ትንሽ ሠጋሁ። የጻፉት «ዛቻ ደርሶብኛል» የሚል ብቻ ከሆነ መልካም። የልጁን ስም፣ ፎቶ ወይም «ወንበዴ»ን የመሰለ ቃል አክለው ከሆነ ግን ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በአንቀጽ 13 ሥር ስም ስለማጥፋት የተደነገገው በእርስዎ ላይ ሊጠቀስ ይችላል፤ ይኸኛው ደግሞ በልጁ ወገን አቤቱታ የሚንቀሳቀስ ነው። ከእንግዲህ አይጻፉ። የተጻፈውን ግን ሳያማክሩ አያጥፉት።

የቀረችው ርእሰ መምህሩ በመጨረሻ የተናገሯት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ባታነሺው ለአንቺም ይሻላል»። በደብዳቤዎ ውስጥ ከዛቻው ይልቅ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። አንድ ኃላፊ እንዲህ የሚለው ወይ በባዶ ሊያስፈራራ ነው፣ ወይም አንዳች ነገር ሰምቷል። እርስዎም «ሥርዓት ስላጓደለ ከክፍል አስወጣሁት» ብለው ከመጻፍ በቀር እንዴት እንዳስወጡት አልነገሩኝም። በእጅዎ ይዘውት ነበር? መትተውታል? ስለ ቤተሰቡ የተናገሩት ነገር ነበር? ውጤቱንስ በተማሪዎች ፊት አንሥተውበታል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ የልጁ ወላጅ ይህን ይዞ ቢመጣ ርእሰ መምህሩ በዝምታ ሊሸፍኑት የፈለጉት ነገር በእርስዎ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ይሆናል።

ይህን የምጠይቀው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፤ ጥፋት ቢኖርብዎትም ዛቻው ዛቻ መሆኑ አይቀርም፣ የማመልከት መብትዎም አይወሰድም። ነገር ግን ለፖሊስ ሲናገሩ ይህን ከዘለሉትና በኋላ ከተማሪዎቹ አንደበት ከወጣ፣ እውነት የሆነው ቀሪው ቃልዎ ሁሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት፣ ቢበዛ ነገ ጠዋት፣ ጠበቃ ያነጋግሩ፤ የጠበቃ ክፍያ የሚከብድዎት ከሆነ በሕግ ትምህርት ቤቶች ካሉት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከላት በአቅራቢያዎ ወዳለው ይሂዱ። ስልክዎን፣ የሥራ ውልዎን ወይም የቅጥር ደብዳቤዎን፣ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙንና ያዘጋጁትን ደብዳቤ ይያዙ፤ ታሪኩንም ሲያወሩ ከዛቻው ሳይሆን ልጁን «ውጣ» ካሉበት ደቂቃ ይጀምሩ።