ስም ከማውጣታችሁ በፊት የንቧን ጎንም ፎቶ አንሱ

ልጆቼ፣

ባለፈው መስከረም፣ ጦሳ ተራራ ስር አደይ አበባ ፈክቶ ሳለ፣ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ ይቺ ንብ ናት ተርብ?» አለችኝ። አበባው ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ነገር ቁጭ ብሏል። ስልኳ ደግሞ አንድ ረጅም የላቲን ስም ደቅኖላታል።

ፎቶውን ሰፋ አድርጌ አየሁት። ዓይኖቹ ጭንቅላቱን ሞልተውታል። አንቴናው ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ አጭር ነው። ንብም ተርብም አልነበረም። ዝንብ ነው። ንብ መስሎ የሚኖር፣ አበባ ፊት አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዝንብ አለ። ወፎች ይናደፋል ብለው ይተዉታል። መናደፊያ ግን የለውም።

ልጅቷ ቅር አላት። «አብሽሪ፣ ይሄ ስንቱን አዋቂ አታሏል» አልኳት።

ከሄደች በኋላ የቆየ ነገር መጣብኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰብል ጥበቃ ሠርቻለሁ። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች አገራችን ሲገባ፣ ኮምቦልቻ ዙሪያ ካሉ አርሶ አደሮች ጋር በቆሎ ማሳ ውስጥ ነበርኩ። አባጨጓሬው በእጅ ነበር የሚለቀመው። አንዲት እናት ቅጠል ገልብጠው አሳዩኝ። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣ ከድር የተሠራች ነጭ ከረጢት ተለጥፋለች። አጠገቧ የደከመ አባጨጓሬ አለ። «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የተምቹ እንቁላል ነው፣ ጨፍልቁት» አልኩ። ትንሽ እንኳ አላመነታሁም። ጨፈለቁት። ጎረቤቶቻቸውም ሰምተው ያገኙትን ሁሉ ጨፈለቁ።

እንቁላል አልነበረም። የተምቹ እንቁላል ክምር ሆኖ የሚጣል፣ ጥጥ መሰል ነገር የለበሰ ነው። ያቺ ከረጢት የጥገኛ ተርብ ቤት ነበረች። ተርቧ ትንኝ ብታክል ነው። እንቁላሏን አባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። እጩ ከውስጥ እየበላው ያድጋል፣ ከዚያ ቀድዶ ወጥቶ ከረጢቱን ይፈትላል። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተምቹ ላይ ካገኟቸው ጥገኛ ተርቦች ዋነኛዋ ኮተሲያ አይሲፔ የምትባለው ናት። ከሦስት አባጨጓሬ አንዱን፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ይዛ ተገኝታለች። እኛ የጨፈለቅናት እሷ ትሁን ሌላ፣ ዛሬ መናገር አልችልም። ፎቶ አላነሳሁም። ስህተቴን ስረዳ ወቅቱ አልፎ ነበር። እኚያን እናት ተመልሼ አልነገርኳቸውም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ዛሬ ከደሴም ከኮምቦልቻም ስልክ ይዛችሁ ነፍሳት የምታነሱ ልጆች ስታጋጥሙኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ያኔ የምጠይቀው ሰው አጠገቤ አልነበረም። እናንተ ግን ዓለም ሙሉ ባለሙያ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። አይናቹራሊስት የሚባለው መድረክ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በተማሪዎች የማስተርስ ሥራ የተጀመረ ነው። ፎቶ ትልካላችሁ፣ ቦታና ቀን አብሮ ይሄዳል፣ ሌሎች ሰዎች ስም ይሰጣሉ። ከሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በአንድ ዝርያ ሲስማሙ መረጃው ለምርምር ብቁ ይባልና ወደ ዓለም አቀፉ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋት ሊገባ ይችላል። ከደሴ ጓሮ የተነሳች ንብ ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ስም ይጠቁማል። ጎበዝ ነው። ግን የተማረው ሰዎች ከላኩት ፎቶ ነው፣ ፎቶው ደግሞ በብዛት የመጣው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው። ስለዚህ የኛን ንብ አይቶ የእንግሊዝን ስም ሊያወጣላት ይችላል። እናንተ ያንን ትነካላችሁ። ጓደኛችሁም ስለሚያምናችሁ ተስማምቻለሁ ይላል። በቃ፣ ሁለት ሰው ተስማማ! ምንም ያላየ ሁለት ሰው። የኔ ጨፍልቁት እንዲህ ነው ከማሳ ማሳ የተዛመተው። ጓደኛችሁን ብትወዱትም ራሳችሁ ያላያችሁትን ምልክት አታጽድቁለት።

ለመሆኑ ምን ይታያል? ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው፣ ዝንብ ሁለት። መጽሐፍ ይህን ያስተምራል። ፎቶ ላይ ግን የንብ የኋላ ክንፍ ከፊተኛው ጋር በትንንሽ መንጠቆ ስለሚያያዝ ሁለት ይመስላል። እኔ ቀድሜ አንቴናና ዓይን ነው የማየው። ንብን ከተርብ ለመለየት ፀጉር ይረዳል፣ የንብ ፀጉር ቅርንጫፍ ስላለው የአበባ ዱቄት ይይዛል። ሆኖም መላጣ የሚመስሉ ንቦችም አሉ። ለዚህ አንድ ፎቶ አይበቃም። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት አንሱ። ክንፏ ተዘርግቶ ካገኛችሁት ዕድል ነው፣ የክንፍ ደም ሥር ብዙ ይናገራል። የተርብ ጎጆ አጠገብ ግን ፊት ለፊት አትጠጉ።

የምታደርገውንም አንሱ። ኮምቦልቻ ስኖር በረንዳዬ ላይ ወገቧ ክር የመሰለ፣ ጥቁር፣ ወገቧና እግሯ ቢጫ የሆነ ተርብ ትመጣ ነበር። ቧንቧው ስር ከረጠበው አፈር ድቡልቡል ጭቃ በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ጭቃውን ስትለስን ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። አንድ ቀን ከጎጆዋ አንዱን ክፍል ከፍቼ አየሁ። ሸረሪት ታጭቆበታል። አልሞቱም፣ ደንዝዘዋል፣ አንዱ እግሩን ያነቃንቃል። ለልጇ ያስቀመጠችው ስንቅ ነው። ጭቃውና ሸረሪቱ ፎቶው ውስጥ ቢገቡ ለሚለይላችሁ ሰው ከቀለሟ ይልቅ ይረዱታል።

ዛፉም እንደዚሁ ነው። የሾላ ፍሬ ስትከፍቱ ከውስጡ ደቃቅ ተርብ ይወጣል። እሷን በፎቶ መለየት ከባድ ነው። ሾላው ግን የአበባ ዱቄቱን የምታደርስለት የራሱ ተርብ አለችው። ዛፉን አብራችሁ ካላነሳችሁ ባለሙያው ከየት ይጀምር?

ፎቶ የማይደርስበት ቦታም አለ። እኛ ንብ፣ ጣዝማ፣ ተርብ ብለን እንለያለን። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የንብ ዝርያዎች ግን ከ20,000 ይበልጣሉ። ብዙዎቹ ትንንሾች ማይክሮስኮፕ ካልገቡ አይለዩም። ከቀፏችን የምናውቃት የማር ንብ እንኳ አጨቃጭቃለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አካሏን ለክቶ ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ንዑስ ዝርያ አለ አለ። በ2011 ሌሎች ለክተው የለም፣ አንድ ናት ብለው ሲሜንሲስ አሏት። እነዚህ ብዙ ንብ ሰብስበው ክንፍና እግር የለኩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እናንተ ከአንድ ፎቶ ተነስታችሁ «የማር ንብ» ብላችሁ ብታቆሙ ሥራችሁ አልጎደለም። «ንብ» ብቻ ብላችሁ ብታቆሙም እንደዚያው። ጥሩ ፎቶ ዛሬ ስም ባያገኝ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይችላል። የተሳሳተ ስም ከተለጠፈበት ግን ማን ተመልሶ ያየዋል?

ያቺ የጎረቤቴ ልጅ አሁን ሌላ ነገር ይዛለች። ጓሯቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ላይ በትንንሽ ቀዳዳ የምትገባ ጥቁር ንብ አግኝታለች። መዝገቧ ላይ የጻፈችው «ንብ» የሚለውን ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስትወጣ፣ በርጩማ አውጥታ ትጠብቃታለች። ጀርባዋንና ጎኗን አንስታለች። ፊቷ ይቀራታል።