«እርማት» ወይስ «ማስተካከያ»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ፊዚክስ የምማር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን ጋር ተጋጭቶ ሲበተን ስለሚሠራው «ራዲዬቲቭ ኮሬክሽን» በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «የጨረር እርማት» ብዬ ባሳየው ጓደኛዬ «እርማት ካልክ ስሕተት ነበረ ማለት ነው፤ ማስተካከያ በለው» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «እርማት» ይሻላል። ጓደኛዎ የታየው የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ቃሉ ግን ከደብተር በፊት ማሳ ያውቃል። ጤፍ የሚታረመው ጤፉ ተሳስቶ አይደለም፤ ያልተዘራ ነገር አብሮት በቅሎ ምርቱን ስለሚያሳንስ ነው።

የእርስዎም ነገር ይኸው ነው። ኤሌክትሮኑ ከመበተኑ በፊት ወይም በኋላ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይለቅና ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጨረር የተባለው ይህ ነው። ከተወሰነው ጉልበት በታች የወረደውን ቆጣሪው ይተወዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያንሳል። መሣሪያው አልተሳሳተም፣ ኤሌክትሮኑም አላጠፋም። የጎደለው ስንት እንደሆነ በስሌት ይገኛል፤ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጁሊያን ሽዊንገር በ1949 (በፈረንጆቹ) መንገዱን አሳይቷል። የተለካው ለ1 ሲደመር ዴልታ ይካፈላል (ዴልታ በስሌት የተገኘው የእርማት መጠን ነው)፤ ዴልታው አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። እርግጥ ኤሌክትሮኑ ለቆት መልሶ የሚውጠው ፎቶንም አለ፤ እሱን እንደ አረም ነቅዬ ልጣል ቢሉ እጅ አይገባም፣ በስሌት ብቻ ነው የሚደረስበት።

«ማስተካከያ»ን አዲስ አበባ አበላሽታዋለች። ታክሲ ላይ «የታሪፍ ማስተካከያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያየ ሰው፣ ቀነሰልኝ ብሎ አይደሰትም፤ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። ደግሞም ቃሉን ላቦራቶሪ ውስጥ ለሌላ ይፈልጉታል፤ ሚዛን ወይም ቆጣሪ ከታወቀ ልክ ጋር ሲገጣጠም «የመለኪያ ማስተካከያ» ይባላል።

እኔን የከነከነኝስ «የጨረር» ያሉት ነው። «የደብተር እርማት» ስንል የሚታረመው ደብተሩ ነው፤ «ጤፉን አረምን» ስንልም ስሙ የተጠራው ሰብሉ እንጂ አረሙ አይደለም። «የጨረር እርማት» ካሉ እንግዲህ ጨረሩን ሰብል አደረጉት! የሚታረመው የብተናው ልኬት ነውና «ጨረራዊ እርማት» ይበሉ። ሲብራራ «በጨረር ምክንያት የሚደረግ የልኬት እርማት» ቢሆን ያስኬዳል።

«ብተና» ያልኩት አውቄ ነው። አንዳንዶች «ስርጭት» ይሉታል፤ እሱ ለሬዲዮና ለቀበሌ ስኳር ይቆይ።